ስደትና ጉርብትና፡ በራችንን ለማን ከፍተናል?

(በሬዲዮ ፕሮግራም የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም፡፡

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው፡፡ የአላህ ሰላምና እዝነት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን፡፡

 

ለዛሬ ይዘን የቀረብነው ርዕስ በውጭ አገር የሚኖሩ ቤተሰቦቻችንን የሚመለከት ነው፡፡ በአገር ቤት ያላችሁ ወገኖቻችንም ብትሆኑ ልጁን፣ ወንድሙን ወይም እህቱን ወደ ውጭ ያልሸኘ ቤት ጥቂት ነውና ጉዳዩ የእናንተም ነው፡፡ ሰው አገሩን ለቆ ሲወጣ የሚጨነቅባቸው ነገሮች ይታወቃሉ፡፡ ሥራ፣ የቤት ኪራይ፣ የመኖሪያ ወረቀት፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ለአገር ቤት የሚላክ ገንዘብ፡፡ ስልክ ስትደውሉለትም የምትጠይቁት ስለ እነዚሁ ነው፡፡ "ከማን ጋር ነው የምትውለው? ጎረቤትህ ማነው? የታመምክ ቀን በርህን የሚያንኳኳ አለህ?" ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፡፡ እኛ ዛሬ መነጋገር የፈለግነው ስለዚህ ነው፡፡

ሁለት ዓመት ያለ ስም

ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ባልና ሚስት በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ በምትገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪዎች ነን፡፡ ሌላውን ከመምከራችን በፊት የራሳችንን ጥፋት ብንናገር ይሻላል ብለን አምነናል፡፡

በዲቪ ሎተሪ ስንመጣ ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበሉን የአገራችን ልጆች ናቸው፡፡ ቤታቸው ያስጠጉን፣ ሥራ ያፈላለጉልን፣ ቅጽ የሞሉልን እነርሱ ናቸው፡፡ አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው፡፡ ይህ መረዳዳት ባይኖር ኖሮ ብዙዎቻችን መንገድ ላይ እንቀር ነበር፡፡ ስለዚህ ከአገር ልጅ ጋር መሰባሰብን አንነቅፍም፡፡ ነገር ግን በመጀመሪያው ዓመት መጠለያ የሆነን ነገር ሳናውቀው አጥር ሆነብን፡፡ የምንሠራው ከአገራችን ልጆች ጋር ነው፤ የምንገበየው ከአገራችን ልጅ ሱቅ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ለሰርግም ለሐዘንም የምንሄደው እነዚያው ሰዎች ዘንድ ነው፡፡ እንግሊዝኛችንም ከአለቃ ትእዛዝ አላለፈም፡፡

በዚያን ጊዜ የምንኖረው በአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፡፡ ከበራችን ፊት ለፊት ከኤል ሳልቫዶር የመጡ አንዲት ሴት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ፡፡ አሳንሰር ውስጥ ስንገናኝ ፈገግ ይላሉ፤ እኛም አንገታችንን ነቅነቅ አድርገን እናልፋለን፡፡ አንድ ቀን በራችንን አንኳኩተው በሰሃን የተሸፈነ ምግብ ሰጡን፡፡ ከበቆሎ ዱቄት የተጋገረ፣ ውስጡ የተሞላ ወፍራም ቂጣ ነው፤ ፑፑሳ ይባላል፡፡ ተቀብለን በሩን ከዘጋን በኋላ "የአሳማ ሥጋ ቢኖርበትስ?" ተባባልን፡፡ ጥርጣሬው ተገቢ ነበር፡፡ ግን መጠየቅ እንችል ነበር፤ አልጠየቅንም፡፡ ምግቡን ጣልነው፡፡ ሰሃኑን አጥበን ቁም ሣጥን ውስጥ አኖርነው፡፡ "ነገ እንመልሳለን" እንዳልን ሁለት ዓመት አለፈ፡፡

ከዚያም የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ እናታችን ሊያርሱን ከደሴ መጡ፡፡ በጥር ወር ብርድ አንድ ቀን፣ ሁለታችንም ሥራ ላይ ሳለን፣ ልጁን አስተኝተው፣ ሽንኩርት ምድጃ ላይ ጥደው ቆሻሻ ለመጣል ወደ ኮሪደሩ ወጣ አሉ፡፡ በሩ ከኋላቸው ተዘጋ፡፡ ሲዘጋ በራሱ እንደሚቆለፍ አልነገርናቸውም ነበር፡፡ ቁልፉም፣ ስልኩም፣ እሳቱም፣ ሕፃኑም ውስጥ ቀሩ፡፡ እናታችን ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አያውቁም፡፡ በሩን እየደበደቡ "ያ አላህ! የሰው ያለህ!" ሲሉ የደረሱላቸው እነዚያ ስማቸውን የማናውቃቸው ጎረቤት ናቸው፡፡ መነጋገሪያ ቋንቋ የላቸውም፡፡ እናታችን በክንዳቸው ሕፃን እንደማቀፍ አድርገው ወደ በሩ ሲያመለክቱ ግን ወዲያው ገባቸው፡፡ አሳንሰሩን ሳይጠብቁ ደረጃውን በባዶ እግራቸው ወርደው የሕንፃውን የጥገና ሠራተኛ ከነቁልፉ ይዘው ተመለሱ፡፡ ቤቱ በጭስ ተሞልቷል፤ ድስቱ ከስሏል፡፡ ልጃችን ግን፣ አልሐምዱሊላህ፣ በሩ ተዘግቶ በነበረው መኝታ ክፍል እንደተኛ ተገኘ፡፡

ማታ ስንገባ እናታችን አልተቆጡንም፡፡ "ልጆቼ፣ ይቺ ሴት ስሟ ማን ነው?" ብለው ብቻ ጠየቁን፡፡ ዝም አልን፡፡ "ስንት ጊዜ ኖራችሁ አብራችሁ?" አሉን፡፡ "ሁለት ዓመት" አልናቸው፡፡ ደሴ ላይ ቢሆን ሁለት ዓመት ሙሉ የፊት ለፊት ጎረቤቱን ስም የማያውቅ ሰው ወይ የተጣላ ነው፣ ወይ ጤና የለውም፡፡ በማግስቱ ደግሞ ሰሃኑን ከቁም ሣጥን አገኙት፡፡ ታሪኩን ስንነግራቸው "የሰው ሰሃን ባዶውን አይመለስም ብዬ ነበር ያሳደግኳችሁ፤ እናንተ ባዶውንም አልመለሳችሁም" አሉን፡፡

ያን ዕለት ሳምቡሳ ጠብሰው በዚያው ሰሃን ሞልተው ወሰዱላቸው፡፡ በሳምንቱ ቡና አፍልተው ጠሯቸው፡፡ የመጀመሪያው ቀን በእጅ ምልክት ነበር፤ ቀጥሎ የጎረቤታችን ልጅ ከእኛ ጋር በእንግሊዝኛ እያስተረጎመች ጨዋታው ደራ፡፡ ፑፑሳው ከባቄላ ዘር በሆነ ቦሎቄና በአይብ ብቻ፣ በዘይት ሊሠራ እንደሚችልም ያን ጊዜ አወቅን፡፡ ብንጠይቅ ኖሮ ከሁለት ዓመት በፊት ይነገረን ነበር፡፡ እኛ በሁለት ዓመት ያላደረግነውን እናታችን በሁለት ሳምንት አደረጉት፡፡ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ጉርብትና ግን ያውቃሉ፡፡

ከአገራችን ይዘነው የወጣነው ዕውቀት

ውድ አድማጮች፣ ከዚያ በኋላ ራሳችንን የጠየቅነው ጥያቄ ይህ ነው፡፡ ከሌላ ሃይማኖትና ከሌላ ወገን ሰው ጋር መኖር ለእኛ አዲስ ነገር ነውን? በፍጹም አይደለም፡፡ በወሎ ያደገ ሰው ያውቀዋል፡፡ ሙስሊም ልጁን ሲድር ለክርስቲያን እንግዶቹ በክርስቲያን እጅ ያሳርዳል፡፡ ክርስቲያኑም በበኩሉ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ሙስሊም ጠርቶ ያሳርዳል፡፡ ድስቱ ይለያል፤ አስተናጋጁ ይለያል፤ ደስታው ግን የጋራ ነው፡፡ ሐዘን ሲሆን አብሮ ይቀመጣል፤ ቡና ሲፈላ አብሮ ይጠራል፡፡ በዚህ ምክንያት ሶላቱን የተወ የለም፤ ሐራም የበላም የለም፡፡ ወሰኑ የታወቀ ስለሆነ ማንም ማንንም አያስቸግርም፡፡

እንግዲህ ይህን ሁሉ እያወቅን አውሮፕላን ስንሳፈር ለምን ረሳነው? አንደኛው ምክንያት ፍርሃት ነው፤ ቋንቋው ቢሳሳትብን እንሳቅብናለን ብለን እናፍራለን፡፡ ሁለተኛው ድካም ነው፤ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው እቤቱ ሲገባ መተኛት ነው የሚፈልገው፡፡ ሦስተኛው ግን ልንደብቀው የማይገባን ነው፤ ይኸውም ንቀት ነው፡፡ "እነርሱ ባሕል የላቸውም፤ ቤተሰብ አያውቁም፤ ከእነርሱ ጋር ምን አለን?" የሚል ወሬ በየቡናው ላይ እንሰማለን፡፡ ያላወቅነውን ሕዝብ በሩቅ እየፈረድንበት ነው፡፡

በሱረቱል ሑጁራት አላህ (ሱ.ወ) የሰው ልጆችን ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት እንደፈጠረ፣ ነገድና ጎሳ ያደረገንም እንድንተዋወቅ መሆኑን፣ እርሱ ዘንድ የሚበልጠውም እጅግ ፈሪሃ አላህ ያለው እንደሆነ ይነግረናል፡፡ ይህችን አንቀጽ ብዙዎቻችን በቃል እናውቃታለን፤ በንግግራችንም እንጠቅሳታለን፡፡ መተዋወቅ የሚጀምረው ግን ከስም ነው፡፡ ስሙን ያላወቅነውን ሰው እንዴት ተዋወቅነው እንላለን?

የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች

የእስልምና የመጀመሪያው ስደት የተደረገው ወደ እኛው አገር ነው፡፡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በተላኩ በአምስተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ አሥራ አምስት ያህል ወንዶችና ሴቶች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ሐበሻ ገቡ፡፡ ቀጥሎም በጃዕፈር ቢን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) የሚመራው ትልቁ ቡድን መጣ፡፡ ይህን ታሪክ ስንናገር ዘወትር የምናተኩረው በነጃሺ ችሎት ላይ ነው፡፡ ነገር ግን ከችሎቱ በኋላም ኑሮ ነበር፡፡ ጃዕፈርና አብረዋቸው የነበሩት ወደ መዲና የተመለሱት በሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ የኸይበር ዘመቻ ባበቃበት ጊዜ ነው፡፡ ከአሥር ዓመት በላይ የሌላ ሃይማኖትና የሌላ ቋንቋ ሕዝብ መካከል ኖረዋል፤ ሠርተዋል፤ ልጆች ወልደዋል፡፡

እዚያ ከተወለዱት ሕፃናት አንዷ ኡሙ ኻሊድ በሚል ስም የምትታወቀው የኻሊድ ቢን ሰዒድ ልጅ ነበረች፡፡ ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልብስ ሲመጣላቸው ጥለት ያለበትን ትንሽ ካባ ለይተው ሕፃኗን አስጠሩ፤ በእጃቸውም አለበሷት፡፡ ጥለቱንም እያሳዩ "ሰናህ" አሏት፡፡ ትርጉሙ በሐበሾች ቋንቋ "ያምራል" ማለት ነው፡፡ በግዕዝ "ሠናይ" የምንለው ቃል መሆኑን ለአማርኛ ተናጋሪ መንገር አያስፈልግም፡፡ እስቲ እናስተውል! የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) በዓረብ አገር፣ ከዓረብ ቤተሰብ ለተወለደች ሕፃን፣ ያደገችበትን አገር ቃል መርጠው ተናገሯት፡፡ ልጅቱ ከሐበሻ ያመጣችውን ቃል እንድታፍርበት አላደረጉም፤ አከበሩላት፡፡

አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) የጃዕፈር ባለቤት ነበሩ፡፡ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚዘግቡት የነቢዩ ልጅ ፋጢማ (ረ.ዐ) ከሞታቸው በፊት፣ ሬሳቸው በጨርቅ ብቻ ተሸፍኖ ቅርፃቸው እንዳይታይ ተጨንቀው ነበር፡፡ አስማእም በሐበሻ ያዩትን ነገሯቸው፤ በቃሬዛው ላይ የዘንባባ ዝንጣፊ ጎብጦ ይታሰርና ጨርቅ ይለበስበታል፡፡ ፋጢማ በዚህ ተደሰቱ፡፡ አስማእ ይህን ሊያውቁ የቻሉት ዐይናቸውን ጨፍነው ስላልኖሩ ነው፡፡ የሐበሻ ጎረቤቶቻቸው ሰው ሲሞትባቸው እንዴት እንደሚያደርጉ አይተዋል፡፡ ኢማናቸው ግን እንደጸና ተመልሷል፡፡

ነጃሺ በሞቱ ጊዜም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦቻቸውን አሰልፈው ሶላተል ጋኢብ ሰገዱባቸው፡፡ ስደተኞችን ያስጠጋ ሰው ውለታው አልተረሳም፡፡

በመስጂዳችን ውስጥ ያለው አጥር

"እኛስ ከሌላው ሙስሊም ጋር በመስጂድ እንገናኛለን" የሚል አድማጭ ይኖራል፡፡ እውነት ነው፤ እንገናኛለን፡፡ በዋሽንግተን በማሳቹሴትስ ጎዳና ላይ እ.ኤ.አ. በ1957 የተመረቀው ኢስላማዊ ማዕከል፣ በቨርጂኒያ ፎልስ ቸርች የሚገኘው ዳሩል ሂጅራ፣ ሌሎቹም መስጂዶች በጁምዓ ቀን የዓለም ሕዝብ ይሞላባቸዋል፡፡ በሶፉ ውስጥ የፓኪስታኑ ትከሻ ከሶማሌው፣ የግብጹ እግር ከኢንዶኔዥያው ጋር ይነካካል፡፡ ኢማሙ ካሰላመቱ በኋላ ግን በበሩ ላይ ቆመን እንመልከት፡፡ ፓኪስታኑ ከፓኪስታኑ፣ ሶማሌው ከሶማሌው፣ እኛም ከእኛው ጋር ነን፡፡ በኢፍጣር ጊዜም ምንጣፉ ላይ ያለው አቀማመጥ እንደ ካርታ ነው፡፡ በእኛ መካከል እንኳ የወሎው፣ የሐረሩ፣ የጅማውና የስልጤው ልጅ ለየብቻው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፡፡ አብረን እንሰግዳለን፤ አንተዋወቅም፡፡

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሙሃጂሮችንና አንሷሮችን በአንድ መስጂድ በማሰገድ ብቻ አልተወሰኑም፡፡ አንዱን ከአንዱ ጋር በስም እየጠሩ አወንድመዋል፡፡ ሰዕድ ቢን ረቢዕ (ረ.ዐ) ለዐብዱረሕማን ቢን ዐውፍ (ረ.ዐ) የሀብታቸውን እኩሌታ ሊሰጡ ተነሱ፤ ዐብዱረሕማን ግን ዱዓ አድርገውላቸው የገበያውን መንገድ ብቻ እንዲያሳዩአቸው ጠየቁ፤ ቅቤና አይብ በመነገድም ኑሯቸውን ጀመሩ፡፡ ለስደተኛ ከገንዘብ ይልቅ መንገድ የሚያሳይ ወዳጅ እንደሚበልጥ ከዚህ እንማራለን፡፡ የመጣንበትን አገር ሰው ብቻ የምናውቅ ከሆነ ግን የሚያሳየን መንገድ እርሱ የሄደበትን ብቻ ነው፡፡ እርሱ ፓርኪንግ ከሠራ እኛም ፓርኪንግ፣ እርሱ ታክሲ ከነዳ እኛም ታክሲ እንሆናለን፡፡ ሥራው ሐላል ነው፤ አያሳፍርም፡፡ ሌላ በር መኖሩን የሚነግረን ግን ሌላ ሰው ነው፡፡

ከፋርስ የመጡት ሰልማን (ረ.ዐ) ደግሞ ከመዲናው አቡ ደርዳእ (ረ.ዐ) ጋር ነበር የተወንደሙት፡፡ ሊጠይቋቸው ሄደው አቡ ደርዳእ ቀኑን በጾም፣ ሌሊቱን በሶላት እያሳለፉ ቤታቸውን እንደረሱ አዩ፡፡ ሰልማንም ጌታህም፣ ነፍስህም፣ ቤተሰብህም ሐቅ አላቸውና ለየባለ ሐቁ ሐቁን ስጥ ብለው መከሯቸው፡፡ ነገሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሲደርስ የሰልማንን አባባል አጸደቁ፡፡ ከሌላ አገር የመጣ ወንድም እኛ የለመድነውንና የማናየውን ጉድለት ሊያይልን ይችላል፡፡

ጥቁር አሜሪካውያን ወንድሞቻችንና እህቶቻችንን በተመለከተ ደግሞ ለብቻው የምንለው አለን፡፡ ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ከእነርሱ እንዲርቁ እንመክራለን፡፡ ይህ ትልቅ ስህተት ነው፡፡ እነርሱ የሐበሻውን ቢላልን (ረ.ዐ) እንዴት እንደሚወዱ ብናውቅ ኖሮ እናፍር ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1975 ኢማም ዋሪስ ዲን ሙሐመድ ማኅበረሰባቸውን ወደ ትክክለኛው እስልምና መምራት ሲጀምሩ፣ ሕዝባቸውን "ቢላላውያን" ብለው ጠሩ፤ ጋዜጣቸውንም በቢላል ስም ሰየሙ፡፡ በዋሽንግተን የሚገኘውን መስጂድ ሙሐመድን የገነቡትም የእነርሱ ወላጆችና አያቶች ናቸው፡፡ በሌላም በኩል፣ በዘር ኮታ ላይ ተመሥርቶ የነበረው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን፣ ይህም ጥቁር አሜሪካውያን ለእኩልነት በሚታገሉበት ዘመን፣ የእኩልነት ጥያቄው ባየለበት ወቅት የመጣ ለውጥ ነው፡፡ እኛ የገባንበት በር እንዲከፈት የእነርሱ ድካም አለበት፡፡ አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ ሰበብ ባነወሩ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የጃሂሊያ ጠባይ እንደቀረባቸው ነግረዋቸዋል፡፡ ይህ ተግሣጽ ለእኛም ነው፡፡

ወሰኑ የት ነው?

አንዳንድ አባቶችና እናቶች በቅንነት የሚያነሱት ሥጋት አለ፡፡ "ሰው በወዳጁ ሃይማኖት ላይ ነው ተብሎ የለ ወይ? ልጆቻችን ይጠፉብናል" ይላሉ፡፡ ሥጋቱ እውነተኛ ነው፤ ልናቃልለው አንፈልግም፡፡ ሐዲሱም የልብ ጓደኛችንን ማን እንደሆነ እንድንመለከት ያዘናል፡፡ ምሥጢራችንን የምናካፍለው፣ በዲናችን የምንማከረው ሰው ሊመረጥ ይገባል፡፡ ይሁን እንጂ የልብ ጓደኛን መምረጥ ሌላ ነው፤ ጎረቤትንና የሥራ ባልደረባን ፊት መንሳት ሌላ ነው፡፡ በሱረቱል ሙምተሒና አላህ (ሱ.ወ) በሃይማኖታችን ምክንያት ካልተዋጉንና ከቤታችን ካላወጡን ሰዎች ጋር በበጎነትና በፍትሕ መኗኗርን እንዳልከለከለን ነግሮናል፡፡ የአቡበክር ልጅ አስማእ (ረ.ዐ) ገና ያላመኑት እናታቸው ሊጠይቋቸው በመጡ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዝምድናዋን ቀጥይ ብለዋቸዋል፡፡ ዐብዱላህ ቢን ዐምር (ረ.ዐ) በቤታቸው በግ ሲታረድ በቅድሚያ የጠየቁት ለአይሁዳዊ ጎረቤታቸው መሰጠቱን ነው፤ ጅብሪል ስለ ጎረቤት ደጋግሞ ከማሳሰቡ የተነሳ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤት ወራሽ ሊሆን ነው ብለው እስኪያስቡ መድረሳቸውንም አያይዘው አስታውሰዋል፡፡

ከልምዳችን እንዳየነው፣ ዲንን የሚያስረሳው ብዙውን ጊዜ ወሰንን ሳይናገሩ መቀላቀል ነው፡፡ የሥራ ባልደረቦች መጠጥ ቤት ሲጋብዙን ሰበብ ፈጥረን ከቀረን ኩሩዎች ይሉናል፤ አፍረን ከሄድን ደግሞ ቀስ በቀስ እንንሸራተታለን፡፡ "እኛ መጠጥ አንጠጣም፤ መጠጥ ባለበትም አንቀመጥም፡፡ እሑድ ግን ምሳ እቤታችን ኑ" ብንልስ? ይህን ብለን ቅር ያለው ሰው እስካሁን አልገጠመንም፡፡ እንዲያውም ከዚያ ወዲህ ዙህር ሲደርስ ሰዓቱን የሚያስታውሰን አብሮን የሚሠራ ቬትናማዊ ነው፡፡

ልጆችንም በተመለከተ እንዲሁ ነው፡፡ የልጃችንን ጓደኞች እቤት ካልጋበዝን ልጃችን ወደ እነርሱ መሄዱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ምን እንደሚበሉና ምን እንደሚያዩ አናውቅም፡፡ እቤታችን ቢመጡ ግን ሶላት ስንሰግድ ያያሉ፤ ልጃችንም በዲኑ ማፈሩን ይተዋል፡፡ የጓደኞቹንም ወላጆች እናውቃቸዋለን፡፡

ከየት እንጀምር?

ውድ አድማጮች፣ ነገሩ ትልቅ ይምሰል እንጂ አጀማመሩ ቀላል ነው፡፡ እኛ የጀመርንባቸውን ጥቂት ነገሮች እናካፍላችሁ፡፡

በመጀመሪያ ከቅርቡ በር እንጀምር፡፡ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሁለት ጎረቤት ቢኖረኝ ለየትኛው ልስጥ ብለው ሲጠይቁ፣ መልሱ በሩ ለሚቀርበው የሚል ነበር፡፡ ስም እንጠይቅ፤ ስማችንንም በቀስታ እንናገር፤ የእነርሱ ስም ቢከብደን ደግመን እንጠይቅ፡፡

ሁለተኛ ከድስታችን እናካፍል፡፡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአቡ ዘር (ረ.ዐ) ወጥ ሲሠሩ መረቁን አብዝተው ለጎረቤት እንዲያደርሱ መክረዋል፡፡ ሥጋውን አብዛ አላሏቸውም፤ ድሃም ሊያደርገው የሚችለውን ነው የነገሯቸው፡፡ የረመዷን ሳምቡሳና የዒድ ምግብ ጥሩ አጋጣሚ ነው፡፡ በርበሬውን ግን ቀነስ እናድርግ! አለርጂ ያለባቸው መሆን አለመሆኑንም እንጠይቅ፡፡

ሦስተኛ መቀበልንም እንልመድ፡፡ መስጠት ብቻ የሚያውቅ ሰው ጓደኛ አያፈራም፡፡ ምግብ ሲያመጡልን "የአሳማ ነገርና አልኮል አንበላም፤ ሥጋም የምንበላው ሐላሉን ነው፤ በምን ተሠራ?" ብለን በትሕትና እንጠይቅ፡፡ ልጅ ያዥልኝ፣ ደብዳቤ አንብቢልኝ ማለትም ነውር አይደለም፤ ሰው የረዳውን ሰው ይወዳል፡፡

አራተኛ በመስጂድ በወር አንድ ጊዜ እንኳ ከማናውቀው ክብ ገብተን እንቀመጥ፡፡ በረመዷን አንድ ቀን ቤታችን የሌላ አገር ሙስሊም ቤተሰብ እናስፈጥር፡፡ አዲስ የሰለሙ ወገኖቻችንን አንርሳ፤ ብዙዎቹ በዒድ ቀን የሚሄዱበት ዘመድ የላቸውም፡፡

አምስተኛ ቋንቋ እንማር፡፡ በየአካባቢያችን ባሉ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በነፃ የሚሰጡ የእንግሊዝኛ መለማመጃ ክፍሎች አሉ፡፡ በእነዚህ ክፍሎች የሚገኘው ሁሉ እንደ እኛው ስደተኛ ነው፤ ሁሉም ስለሚሳሳት የሚያፍር የለም፡፡ እናቶች ሆይ፣ በተለይ እናንተ! ቤት ውስጥ ብቻ ተዘግታችሁ ልጆቻችሁ አስተርጓሚዎቻችሁ ሲሆኑ የእናትነት ቃላችሁ ይቀንሳል፡፡

በመጨረሻም ሶብር ያስፈልጋል፡፡ ሁሉም በር አይከፈትም፡፡ ሒጃባችንን አይቶ ፊቱን የሚያዞር አለ፤ ሰላምታችንን የማይመልስ አለ፡፡ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2001 ጥቃት በኋላ ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች በአሜሪካ ይህን በግልጽ ቀምሰዋል፡፡ በዚያው ክፉ ወቅት ደግሞ በየመስጂዱ ደጃፍ አበባ ይዘው የመጡ፣ ሙስሊም ሴቶችን ገበያ አብረን እንሂድ ያሉ ጎረቤቶች ነበሩ፡፡ አንዱ በር ቢዘጋ ሌላውን እናንኳኳ እንጂ ሁሉንም አንድ አድርገን አንፍረድ፡፡

ሰሃኑ

ንግግራችንን ከመቋጨታችን በፊት ወደ ጀመርንበት እንመለስ፡፡ እናታችን ልጃችን መቀመጥ ሲችል ወደ ደሴ ተመለሱ፡፡ ከሁለት ዓመት በኋላ በድንገት ታመው ወደ አኼራ ሄዱ፡፡ አላህ ይዘንላቸው፤ ቀብራቸውን ኑር ያድርግላቸው፡፡ እኛ ለቀብር አልደረስንም፡፡ በቤታችን ለቅሶ ስንቀመጥ የአገራችን ልጆች ሁሉ መጡልን፡፡ ከሁሉ ቀድመው የገቡት ግን የፊት ለፊት ጎረቤታችን ናቸው፡፡ ራሳቸውን በነጠላ ሸፍነው ከሴቶቹ መካከል ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፡፡ ነጠላውን የሰጧቸው እናታችን ናቸው፡፡ በማግስቱም በቦሎቄና በአይብ የተሞላ ፑፑሳ፣ በዘይት የተሠራ መሆኑን እየነገሩ ለለቀስተኛው አቀረቡ፡፡ ያመጡትም በዚያው ሰሃን ነበር፡፡ ዘመዶቻችን ደሴ ሆነው በስልክ ሲያለቅሱ እናታችንን በአካል የሚያውቅ፣ ቡናቸውን የጠጣ፣ አብሮን የሚያነባ ሰው በአሜሪካ ቢኖር እርሳቸው ብቻ ነበሩ፡፡ "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" የሚለውን ተረት ያን ቀን ነው በትክክል የተረዳነው፡፡

እንግዲህ ውድ አድማጮቻችን፣ በውጭ ያላችሁ ዛሬ ማታ እቤታችሁ ስትገቡ የፊት ለፊታችሁን በር ተመልከቱ፡፡ ከበሩ በስተጀርባ ያለውን ሰው ስም ታውቁታላችሁ? በአገር ቤት ያላችሁም በሚቀጥለው ስልካችሁ ልጃችሁን ስለ ጎረቤቱ ጠይቁት፡፡

አላህ ሰሚዎች ብቻ ሳንሆን ፈጻሚዎች ያድርገን፡፡ በስደት ያሉ ወገኖቻችንን በዲናቸው ያጽናልን፤ ልጆቻቸውን ይጠብቅላቸው፤ ጎረቤቶቻችንን የምናከብር፣ ጎረቤቶቻችንም ከክፋታችን የሚድኑ ያድርገን፡፡ አሚን፡፡

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፡፡